ፊሽካ ይዤ ወደ ገሱባ

ደብረ ማርቆስ ከተመለስኩ ወዲህ ጎረቤቶቼ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ወላይታ ድረስ ሄደሽ ቁርጥ ሳትበዪ ተመለስሽ?» አዎ፣ ተመለስኩ። ጾም ነበረ። ሥጋ ከነብልቱ የሚታወቅበት አገር በጾም መሄድ የጤና አይደለም ብለው የደመደሙም አሉ። የሄድኩበትን ጉዳይ ግን የሚጠይቀኝ ስለጠፋ፣ ሳልጠየቅ ጽፌው ልገላገል።

የሄድኩት ኳስ ለማጫወት ነው። ጡረታ የወጣሁ የስፖርት መምህር ነኝ፤ ጉልበቴ ደህና በነበረበት ዘመን የሴቶች ጨዋታ ዳኝቻለሁ። የወንድሜ ልጅ ሰላማዊት ሶዶ ላይ ነርስ ናት። አንድ ቀን ደወለችና «እቴቴ፣ ለሁለት የሴቶች ቡድን ዳኛ ጠፍቶ አንቺን ተናግሬያለሁ» አለችኝ። አገሩ ሙሉ ዳኛ እያለ ምን ሲደረግ ብላት፣ ያሉት ሁሉ የአገሩ ሰው ናቸው፣ ለዚህ ጨዋታ ደግሞ የአገሩ ሰው አይሆንም አለች። ለምን እንደማይሆን ሳትነግረኝ ስልኩን ዘጋች። ብትነግረኝ ገና ሳልነሣ ከሰው ጋር እንደምጣላ ታውቃለች።

ረቡዕ

ዓባይ በረሃን ስንወርድ አጠገቤ የተቀመጡት ቄስ ፊሽካዬን አንገቴ ላይ አዩና የትራፊክ ፖሊስ መሆኔን ጠየቁኝ። አይደለሁም፣ የኳስ ዳኛ ነኝ አልኳቸው። ከዚያ በኋላ እስከ ጎሐ ጽዮን ድረስ ዳዊታቸውን አውጥተው ደገሙ። አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አደርኩ። ዘመዶቼም «በዚህ ዕድሜሽ» የሚለውን ከእራቱ ጋር አቀረቡልኝ።

ሐሙስ

በቡታጅራ፣ በሆሳዕና አድርገን ወረድን። እኛ አገር ጤፉና ስንዴው ሜዳውን አልብሶት፣ ቤቱ ራቅ ራቅ ብሎ ነው የሚታየው። እዚህ ግን እያንዳንዱ ቤት በእንሰት ተከብቦ፣ ከእንሰቱ ኋላ ቦቆሎ፣ ከቦቆሎው ኋላ ደግሞ ሌላ ቤት አለ። ሰውና አትክልት እንዲህ ተጠጋግቶ ሲኖር አይቼ አላውቅም።

አረካ ለምሳ ወረድን። ተሳፋሪው ሁሉ ቢላ ይዞ ጥሬ ሥጋውን ዳጣ ከሚሉት የሚያቃጥል የቃሪያ ማባያ ጋር ያወራርዳል፤ እኔ ሽሮ አዘዝኩ። አስተናጋጁ ታምሜ እንደሆነ በትሕትና ጠየቀኝ። ጾም ነው ስለው አዘነልኝና ሳላዝዘው አቮካዶ ጨመረልኝ። ሲከፈል ለአቮካዶው አልቀበልም አለ። ማርቆስ ቢሆን ይመርቁኛል እንጂ አያዝኑልኝም።

ሶዶ ዳሞታ ተራራ ሥር ተዘርግታ፣ ባጃጅ እንደ ንብ የሚርመሰመስባት ከተማ ናት። ሰላማዊት የምትኖረው ኦቶና ሆስፒታል አካባቢ በወይዘሮ ዘውዴ ግቢ ውስጥ ነው። ወይዘሮ ዘውዴ ሶዶ ተወልደው ሶዶ ያረጁ፣ ግን «እኛ የመንዝ ሰዎች» ሳይሉ ዐረፍተ ነገር የማይጀምሩ ደግ ሴት ናቸው። መንዝን አይተዋት አያውቁም። እኔ አንድ ጊዜ በመንዝ ማለፌን ስነግራቸው፣ መንዝ እንዴት እንደሆነች እሳቸው አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዱኝ።

በማግሥቱ ለጨዋታው ገሱባ እንደምሄድ ሲሰሙ ግን ፊታቸው ተለወጠ። ከየትኛው ቡድን ጋር እንደሆነ ጠየቁ። ሰላማዊት ከሸክላ ሠሪዎቹ አለቻቸው። ወይዘሮ ዘውዴ ወደ ጓዳ ገብተው አንድ ሳህንና አንድ ኩባያ በፌስታል ጠቅልለው አመጡልኝ። እዚያ ቤት ውስጥ በእነሱ ዕቃ እንዳልበላ፣ እንዳልጠጣ አደራ አሉኝ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ዝናብ ሊመጣ ነው ጃንጥላ ያዢ እንደማለት ነው ያሉት።

ዓርብ

የገሱባ መንገድ መንገድ ነው ከተባለ፣ እኔም አሁን ሯጭ ነኝ። እስከ ገሱባ በሚኒባስ ተንገጫግጨን ከደረስን በኋላ ወደ ሸክላ ሠሪዎቹ መንደር የያዝነው ባጃጅ ጭቃ ውስጥ ገባ። ወርደን ብንገፋ፣ ባጃጁ ባለበት ሆኖ እኛ ብቻ ወደፊት ሄድን። እኔ በተለይ በግንባሬ።

በዚያ መሐል ማሰሮና ድስት በጀርባዋ የተሸከመች ቀጭን ሴት ደረሰች። ሸክሟን ቀስ አድርጋ አወረደች፣ ትከሻዋን ባጃጁ ላይ ጣለች፣ አወጣችው። ሾፌሩ ደስ ብሎት ውኃ ሊሰጣት ፕላስቲኩን ከፈተ። ግን ፕላስቲኩን አልሰጣትም፤ መዳፏን ዘረጋችና ከላይ አፈሰሰላት። ከመዳፏ ጠጣች። እኔ ሞኟ እጇን እንድትታጠብ መስሎኝ «ሳሙና አለኝ» አልኳት። ሴትዮዋ ከት ብላ ሳቀች። ሰላማዊት አልሳቀችም። ሴትዮዋ ታደለች ትባላለች፤ የሸክላ ሠሪዎቹ ቡድን አምበል እሷ ነበረች።

መንደር እስክንደርስ ሰላማዊት ነገሩን ነገረችኝ። በዚያ አገር ሸክላ የሚሠሩት ጪናሻ ይባላሉ፤ ስሙን እንደ ስድብ የሚጠራው ስለሚበዛ እነሱ አይወዱትም። የሠሩት ድስት ሰው ቤት ይገባል፣ ወጥ ይሠራበታል። ሠሪዋ ግን በር ላይ ቆማ ትሸጣለች እንጂ አትገባም። ማዕድ አትጋራም፣ ከእሷ ጋር ጋብቻ የለም፣ በአንድ ዕቃ የሚጠጣ የለም። «አሁን ተሻሽሏል» ይላል ሁሉም። ምን እንደተሻሻለ ስትጠይቂው ነው የሚያስበው። እኛም ዘንድ ሸክላ ሠሪውን ቡዳ ብለን ልጅ ስንሸሽግበት ነው የኖርነው፤ ስለዚህ አገሬን አመስግኜ እዚህን ልወቅስ አፍ አልነበረኝም። እዚያ ዓይናቸውን እንፈራለን፣ እዚህ እጃቸውን ይሸሻሉ። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች የሚለው ተረት የድህነት ይመስለኝ ነበር፤ ሌላ ዕቃ የሚያቀርብላት እንደሌለም ይናገራል ለካ።

ታደለች ቤት ፎሰሴ ቀረበልን፤ የቦቆሎ ዱቄት ከጎመን ጋር ተለውሶ የበሰለ ነው። ለእኔ ጾም ተብሎ ቅቤው ቀርቷል። የወይዘሮ ዘውዴ ፌስታል ቦርሳዬ ውስጥ ተንኳኳብኝ፤ አላወጣሁትም። ከታደለች ሳህን ከታደለች ጋር በላሁ። ስበላ የቤቱ ሰው ሁሉ አፌን ያያል። አበላሌ ላይ ነውር ያለ መስሎኝ ተሳቀቅሁ። ለካ መዋጤን ነው የሚያዩት።

ከምግቡ በኋላ ቡድኑ ልምምድ አሳየኝ። እውነቱን ልናገር፣ በረኛዋ ጥሩ ናት፣ የቀሩት ግን ኳስን የሚያዩት ከሩቅ እንደመጣ ዘመድ ነው፤ ሁሉም ሊቀበላት ይሮጣል፣ ማንም አያሳርፋትም። እንዲህ እየተጫወቱ ግን በዚህ ዓመት ያልተሸነፉት ጨዋታ ይበዛል ተባልኩ። አላመንኩም። ታደለች ታኬታዋን እየፈታች ምክንያቱን ነገረችኝ።

«ቲቸር፣ እኛ ኳስ ከያዝን ሰው ይሸሻል። ማንም አይነካንም። ዝም ብለን ሄደን ጎል እናገባለን። ሰው ጎበዝ ናቸው ይላል። አንድ ቀን ገፍቶ የጣለን የለም።»

ከሳቄ ጋር ታገልኩ፤ ምክንያቱም እሷ አልሳቀችም። ዳኞቹ ደግሞ ይህን እያዩ ምንም አይሉም፤ አለመነካት በደንቡ ላይ ጥፋት አይደለማ። ታደለች ያቋቋመችው ቡድን እንግዲህ ዋንጫ አይፈልግም። ከገሱባ ከተማ ሴቶች ጋር የሚደረገውን የቅዳሜ ጨዋታ የጠየቀችው በአንድ ሁኔታ ነው። ወላይታ ውስጥ ወዳጅና ወዳጅ ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው ከአንድ ዕቃ አብረው ይጠጣሉ። ጨዋታው ሳይጀመር የሁለቱ ቡድን አምበሎች በሕዝብ ፊት እንዲህ አድርገው ይጠጡ ነው ያለችው። ይህን ቆሞ የሚያስፈጽም የአገሩ ዳኛ ስለጠፋ ነው ለካ እኔ የተጠራሁት።

የከተማው ቡድን አሠልጣኝ መምህር ባሳ፣ ጠብ ሲያይ የሚታመም የሚመስል ለስላሳ ሰው፣ ከሰዓት በኋላ ሁላችንን ሰበሰበን። ስብሰባው ስለ ክብር ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር። ስለ መጠጥ ሆነ። ጠላ መሳዩ ቦርዴ ይሁን ሲባል ጴንጤዎቹ አይሆንም አሉ። ወተት ይሁን ሲባል ኦርቶዶክሶቹ ጾም ነው አልን። ለስላሳ ሲባል አንዲቱ ተጫዋች የጨጓራ ሕመም እንዳለባት አስታወቀች። በመጨረሻ ያልፈላ ብርዝ በአንድ ድምፅ ጸደቀ። ማን ከማን ጋር እንደሚጠጣ ግን ማንም አላነሣም። ምህረት፣ የከተማው ቡድን አምበል፣ ጥፍሯን እየበላች መሬት ታይ ነበር። እናቷ ገሱባ ገበያ የታወቁ ነጋዴ ናቸው፤ ነገ ሜዳ እንደሚመጡ ሰምታለች።

ሰላማዊት ለሥራ ተራዋ ወደ ሶዶ ስለተመለሰች ያደርኩት መምህር ባሳ ቤት ነው። ሚስቱ ጎደሬ ቀቅላ በዳጣ አቀረበች፤ ዳጣው እንባዬን ሲያወርደው ባልየው ስለ ሴቶች ጨዋታ ተነክቼ ያለቀስኩ መስሎት አጽናናኝ። አልጋቸውን ለቀውልኝ እነሱ መደብ ላይ ተኙ። እንግዳ አክባሪነታቸውን የምወቅስበት ቀዳዳ ብፈልግ አላገኘሁም፤ ይህ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ግራ አደረገብኝ።

ቅዳሜ

ሜዳው ላይ መጀመሪያ የነበሩት ላሞች ናቸው። እነሱን አስወጥተን መስመር በአመድ አሰመርን። ሕዝቡ ከገበያ እየተመለሰ ከበበን። በሶዶም ሆነ በገሱባ አማርኛ አንዳንዱ ሰው ወንድና ሴት ሳይለይ ነው የሚያወራው፤ «ዳኛው መጣ፣ ዳኛው ወፍራም ነው» ሲሉ ሰማሁ። ዳኛውን አልከራከርም፤ ወፍራሙን ግን ፊሽካ ነፍቼ ዝም አሰኘሁ።

ብርዙ በታደለች በተሠራ አዲስ የሸክላ ዋንጫ ቀርቦ መሐል ሜዳ ተቀመጠ። ይሄኔ መምህር ባሳ አንድ ካርቶን የታሸገ ውኃ አስይዞ ደረሰ። በፈገግታ ለእያንዳንዷ ተጫዋች አንዳንድ ፕላስቲክ ማደል ጀመረ። ለጤና ጥሩ ነው፣ ሁሉም ከራሱ ይጠጣል፣ ማንም አይከፋም አለኝ በጆሮዬ። ሌሊቱን ሲያስብ ያደረበት መላ መሆኑ ያስታውቃል። በእውነት ማንንም ማስከፋት የማይፈልግ ሰው የሁሉንም ልብ እንዴት በአንድ ካርቶን እንደሚሰብር ያን ቀን አየሁ።

ታደለች ፕላስቲኩን አልተቀበለችም። መሐል ሜዳ ተቀመጠች። ቡድኗ በሙሉ አጠገቧ ተቀመጠ። ሕዝቡ አጉረመረመ። መምህር ባሳ አንጫወትም ካሉ ፎርፌ ነው፣ ፊሽካውን ንፊና ነገሩ ይለቅ አለኝ። ደንቡ ከእሱ ጋር ነበር። ሄጄ ታደለች አጠገብ ቁጢጥ አልኩ፤ ጉልበቴ ተንቋቋ። ጨዋታው ይጀመር፣ መጠጡ ከጨዋታው በኋላ ይሁን ብዬ ለመንኳት።

«በኋላ አይሆንም ቲቸር» አለች። «ካሸነፍን ስላሸነፍን ጠጡ ይባላል። ከተሸነፍን አሳዘኑን ይባላል። እኛ አሁን ነው የምንፈልገው። ገና ምንም ሳንሆን።»

ተነሥቼ ምህረትን አየኋት። ምህረት እናቷን አየች። እናትየዋ በነጭ ነጠላ መስመሩ ዳር ቆመዋል፤ ፊታቸው የተዘጋ ሱቅ ይመስላል። ከዚያ እጇ ላይ የነበረውን የውኃ ፕላስቲክ መሬት አስቀምጣ መጣች። ታደለች ተነሣች። ዋንጫውን አነሡ፣ አንዳቸው የሌላቸውን አንገት አቀፉ፣ ጉንጭ ለጉንጭ ገጠሙና ጠጡ። ብርዙ በሁለቱም አገጭ ወርዶ ማሊያቸውን አራሰው።

እናትየዋ መስመሩን አልፈው ገቡ። ዳኛ ሳይፈቅድ ሜዳ መግባት ክልክል ነው፤ ግን ማን ይናገራቸው። ልጃቸው ዘንድ ደርሰው በነጠላቸው ጫፍ ጉንጯን ጠረጉት። የፈሰሰውን ብርዝ አልነበረም የጠረጉት። ብርዙ አገጯ ላይ ነበር፤ እሳቸው የጠረጉት የታደለች ጉንጭ የነካውን ቦታ ነው። ሁሉም ሰው አየ። ታደለችም አየች። እኔ በሕይወቴ ብዙ ጥፋት አይቼ ካርድ አውጥቻለሁ፣ ያን ጊዜ ግን ለዚያ የሚሆን ካርድ ኪሴ ውስጥ አልነበረም።

ምህረት ጉንጯን በእጇ ዳሰሰች። «እማ፣ ገና አልጨረስንም» አለች፤ የሰማነው በአጠገቧ ያለን ብቻ ነን። ተመልሳ ወደ ታደለች ሄደች፣ ባልተጠረገው በሌላው ጉንጯ ገጠመች፣ ዋንጫው እስኪደርቅ ጠጡት። እናትየዋ ነጠላቸውን እንደያዙ ቆሙ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ከሜዳው ወጡ። ወደ ቤት ግን አልሄዱም፣ መስመሩ ዳር ቆመው ቀሩ። ፊሽካዬን ነፋሁ።

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እንደተባለው ነበሩ። ታደለች ኳስ ስትይዝ የከተማዎቹ ልጆች በሁለት በኩል እንደ መጋረጃ ይከፈቱላታል። አንድ ጎል አገባች፤ አልጨፈረችም። ሁለተኛውን ልታገባ ስትሄድ ከኋላዋ አንድ ነገር እንደ ጎርፍ ደረሰ። ምህረት ነበረች። ሸርተቴ ወርዳ ኳሱንም፣ ታኬታውንም፣ ታደለችንም አንድ ላይ ጠረገቻቸው። ሁለቱም ጭቃው ውስጥ ተንከባለሉ። ጥፋቱ ከሶዶ ሆኖ የሚታይ ነበር። ቢጫ ካርዴን መዝዤ ሮጥኩ፤ መሮጥ ከተባለ። ታደለች እግሯን ይዛ ጭቃ ላይ ተቀምጣ፣ መላ ሰውነቷ እስኪንቀጠቀጥ ትስቅ ነበር። እንባም ነበረበት። ካርዱ ተሰጠ፤ ምህረት በዳኛው ላይ አጉረመረመች።

ከዚያ በኋላ የከተማዎቹ ልጆች አንድ ነገር የተፈታላቸው ይመስል ያዝ፣ ገፋ፣ ጎተት አደረጉት። የታደለች ቡድን ሲነካ ምን ያህል እንደሚችል ታወቀ፤ ብዙ አይችልም። አራት ለአንድ ተሸነፉ። ከሜዳ ሲወጡ የሚዘፍኑት ተሸናፊዎቹ ስለነበሩ፣ ዘግይቶ የመጣ ሰው ሁሉ ውጤቱን ገልብጦ ነው ይዞ የሄደው።

አንድ ጨዋታ አገር አልለወጠም። ማታ መምህር ባሳ ቤት አንዳንድ ጎረቤት መጥቶ ምህረት አበደች ሲል ሰምቻለሁ። ባሳ የተረፈውን የታሸገ ውኃ አልጋ ሥር ሲደብቅ አይቼ እንዳላየ ሆንኩ።

እሑድ

ጠዋት ገሱባ መናኸሪያ ሚኒባሱ እስኪሞላ ስጠብቅ ታደለች እያነከሰች መጣች። ልታመሰግነኝ መስሎኝ «ምንም አይደል» የሚለውን አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን የመጣችው ልትከራከረኝ ነው፤ ለምህረት ቀይ እንጂ ቢጫ አይገባትም ነበር። ምህረት ደግሞ ከኋላዋ ደረሰች። ጭራሽ ጥፋት አልነበረም፣ ራሷ አዳልጧት ነው የወደቀችው አለች። በወላይትኛ ተያያዙት፤ እጅ ይወናጨፋል፣ አንዷ የሌላዋን ክንድ ይዛ ትነቀንቃለች። መናኸሪያው በሙሉ ያያል። ሾፌሩ ለመገላገል መሐል ገባ፤ ሁለቱም በአንድነት አባረሩት።

ሚኒባሱ ሲነሣ ታደለች በመስኮቱ በኩል ደረሰችኝ። ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ እብጠቱንና ሰማያዊ የሆነውን ቁስሏን ለተሳፋሪው ሁሉ አሳየች።

«ቲቸር፣ አገርሽ ስትገቢ በትክክል ንገሪ» አለችኝ። «ወድቃ አይደለም፣ ተመትታ ነው በይ።»